«በሕግ አምላክ!» ያሉት ጳጳስ

በአገራችን የቆየ አንድ ትልቅ ልማድ አለ። ጉልበተኛው ደካማውን ሊመታ እጁን ሲያነሳ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ ይታጠፋል፤ የተመዘዘም ይመለሳል። ያ አላፊ አግዳሚ ፖሊስ መሆን አይጠበቅበትም፤ ዳኛ መሆንም አያስፈልገውም። የሚጠራው ከፖሊሱም ከዳኛውም በላይ የሆነውን ነውና። አባቶቻችን ሕግን ለብቻው አይጠሩትም ነበር፤ ከነባለቤቱ ነው የሚጠሩት።

እሑድ ማርች 23 ቀን 1980 በማዕከላዊ አሜሪካ፣ በኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ በሳን ሳልቫዶር አንድ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ይህንኑ አደረጉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱ፣ እሳቸው ያስቆሙት ሁለት ተደባዳቢዎችን ሳይሆን አንድ ሙሉ ሠራዊትን መሆኑ ነው። ለተራው ወታደር፣ ለፖሊሱና ለብሔራዊ ዘቡ አባል በቀጥታ ተናገሩ። የምትገድሏቸው ገበሬዎች የራሳችሁ ወንድሞች ናቸው፤ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር የሚጋጭን ትእዛዝ ማንም ወታደር የመፈጸም ግዴታ የለበትም፤ በእግዚአብሔር ስም ግድያውን አቁሙ አሉ። በማግስቱ ሰኞ ማታ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳለ በአንድ ጥይት ተገደሉ።

ስማቸው ኦስካር አርኑልፎ ሮሜሮ ይባላል። ስለ እሳቸው ብዙ የተጻፈው ስለ ሰማዕትነታቸውና ስለ ቅድስናቸው ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉዳይ ነው። ሕግ የተማርን ሰዎች ግን ታሪካቸውን ከሌላ አቅጣጫ ልናየው ይገባል። ሮሜሮ ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ፓርቲም አልነበራቸውም። የነበራቸው መዝገብ ነበር። ፍርድ ቤቶች አቤቱታ መስማት ባቆሙበት አገር የሟቾችንና የታፋኞችን ስም፣ ቀንና ቦታ እያጣሩ መዘገቡ፤ በአደባባይም አነበቡት። ከዚያ በኋላ በዚያች አገር የተደረገው የሕግ ትግል ሁሉ የዚህ መዝገብ ተከታይ ነው ማለት ይቻላል።

አገሪቱ እንዴት ያለች ነበረች?

ኤል ሳልቫዶር በአህጉሩ ዋና ምድር ላይ ካሉት አገሮች በቆዳ ስፋት የመጨረሻዋ ናት። እንደኛ ቡና አብቃይ ናት። ቡናው የሚለቀምበት መሬት ግን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ነበር። ሕዝቡ «አሥራ አራቱ ቤተሰቦች» ይላቸዋል፤ ቁጥሩ በትክክል አሥራ አራት ባይሆንም ነገሩን ይገልጸዋል። በ1932 ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ሠራዊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አገሪቱን የመሩት የጦር መኮንኖች ናቸው። ምርጫ ነበር፤ ግን በ1972ም ሆነ በ1977 ድምፁ ተሰርቋል የሚል ጩኸት አገሪቱን አናወጣት።

ሕገ መንግሥት አልነበራትም እንዳይባል ነበራት። ፍርድ ቤት፣ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓት ሁሉም በወረቀት ላይ ተሟልቷል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ የሮሜሮ ክርክር «ሕግ የለም» የሚል አልነበረም። «ሕጉ አለ፤ ግን ለማን ነው ያለው?» የሚል ነበር።

ዝምተኛው ቄስ

ሮሜሮ በኦገስት 15 ቀን 1917 ሲዩዳድ ባሪዮስ በምትባል ተራራማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው አናጺነት ሲማሩ ቆይተው ወደ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም ሮም ተልከው በ1942 እዚያው ክህነት ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ከሃያ ዓመት በላይ በሳን ሚጌል አገለገሉ። በ1970 የሳን ሳልቫዶር ረዳት ጳጳስ፣ በ1974 የሳንቲያጎ ዴ ማሪያ ጳጳስ ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ዘመን የሚታወቁት በጸሎተኝነታቸውና በወግ አጥባቂነታቸው ነው። «ድሆች ተደራጁ» የሚሉ ወጣት ካህናትን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። በጁን 1975 ብሔራዊ ዘቦች ትሬስ ካዬስ በምትባል መንደር፣ በራሳቸው ሀገረ ስብከት ውስጥ፣ ገበሬዎችን ሲገድሉ ጳጳሱ ሄደው ቤተሰቡን አጽናኑ፤ ለፕሬዚዳንቱም ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ግን የግል ነበር። ነገሩ በሽማግሌ፣ በጓዳ ያልቃል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 1977 የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ባለ ሀብቶቹ ደስ አላቸው። ለድሆች የቆሙት ካህናት ግን አዘኑ። ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን የሚያውቁት መስሏቸው ነበር።

ሦስት ሬሳ

ሊቀ ጳጳስነቱን ከተረከቡ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በማርች 12 ቀን 1977 ወዳጃቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ሩቲሊዮ ግራንዴ መንገድ ላይ በጥይት ተገደሉ። አብረዋቸው በመኪናው ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌና አንድ ታዳጊ ልጅም ሞቱ። አባ ግራንዴ በአጊላሬስ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮችን መብታቸውን ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሮሜሮ በዚያው ሌሊት ደርሰው ሦስቱን አስከሬኖች አዩ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር በሕግ ዓይን ሲታይ የሚያስገርም ነው። ወደ በቀል ጥሪ አልሄዱም፤ ወደ ጓዳ ደብዳቤም አልተመለሱም። ለፕሬዚዳንት ሞሊና በይፋ ጽፈው ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። ገዳዮቹ እስኪጣሩ ድረስም በማናቸውም የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ እንደማይገኙ አስታወቁ። ቃላቸውንም ጠበቁ። በጁላይ 1 ቀን 1977 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ሊቀ ጳጳሱ አልተገኙም። በዚያች አገር ወግ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መንግሥቱ ሁልጊዜ ከጎኑ ቆሞ የሚያገኘው ጳጳስ ቦታው ባዶ ሆነ።

በማርች 20 በሀገረ ስብከቱ በሙሉ ሌላ ቅዳሴ እንዳይኖር አዘው በካቴድራሉ አንድ ቅዳሴ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። የቫቲካን እንደራሴ ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ግን በአሥር ሺህዎች ጎረፈ። በሦስት ዓመት የሊቀ ጳጳስነት ዘመናቸው ስድስት ካህናት ተገደሉባቸው። በከተማው «አገርህን ውደድ፣ ቄስ ግደል» የሚል በራሪ ወረቀት ይበተን ነበር።

መዝገቡና ሬዲዮው

በ1975 ከኢየሱሳውያን ጋር የሚሠሩ የሕግ ሰዎች ለድሆች ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፍተው ነበር፤ ሶኮሮ ሁሪዲኮ ይባላል፤ የሕግ እርዳታ ማለት ነው። ሮሜሮ ይህን ቢሮ በሀገረ ስብከቱ ጥላ ሥር አስገቡት። ልጇ የተወሰደባት እናት፣ ባሏ ከእርሻ ሳይመለስ የቀረባት ሚስት ወደዚያ ትመጣለች። ቃሏ ይጻፋል፤ የጎረቤት ምስክርነት ይያዛል፤ የተያዘበት ቀን፣ የወሰዱት ሰዎች የለበሱት፣ መኪናው ይመዘገባል። ከተቻለም ለፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል።

ፍርድ ቤቱ ዝም ሲል ጳጳሱ መዝገቡን ይዘው እሑድ ወደ ካቴድራሉ ይወጣሉ። ስብከታቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያ የዕለቱን ወንጌል ያብራራሉ፤ ቀጥለው የሳምንቱን ሁኔታ ይዘረዝራሉ። እገሌ በዚህ ቀን ከዚህ መንደር ተወስዷል፤ እገሌ ሞቶ ተገኝቷል ይላሉ። የሀገረ ስብከቱ ሬዲዮ ይህን በመላ አገሪቱ ያስተላልፋል። ጋዜጦቹ የማይጽፉትን ገበሬው በቤቱ ሆኖ ይሰማል። የዚያ ሬዲዮ ማሰራጫ በቦምብ መመታቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

«የግራዎቹ መሣሪያ ነው» የሚል ክስ ሁልጊዜ ይሰነዘርባቸው ነበር። ጳጳሳት ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ ሮም ድረስ ከሰሷቸው። ነገር ግን በ1977 የጸደይ ወራት የግራ ታጣቂዎች የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማውሪሲዮ ቦርጎኖቮን አፍነው በገደሉ ጊዜ፣ ሮሜሮ ግድያውን አወገዙ፤ የቀብር ቅዳሴውንም መርተዋል። ለእሳቸው የሚኒስትሩ ደምና የአገዳ ቆራጩ ደም እኩል ነው። ሰብአዊ መብት የሚባለው ነገር ከወገንተኝነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ወገን ሲሞት ብቻ የምጮህ ከሆነ ለወገኔ አለቀስኩ እንጂ ለመብት አልቆምኩም።

ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጋር

ለሕግ ሰው ከሁሉም የሚማርከው በ1978 የሆነው ነው። በኤፕሪል 30 ስብከታቸው ሮሜሮ ስለ ፍርድ ቤቶች ተናገሩ። ጠበቆች ከደንበኞቻቸው ጋር እንዳይገቡ ይከለከላሉ፤ ብሔራዊ ዘቦች ግን ችሎት ውስጥ ቆመው ተከሳሹን ያስፈራራሉ፤ ራሳቸውን የሚሸጡ ዳኞችም አሉ አሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ ነበር ነገሩ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ደብዳቤ ጻፈ። «ጉቦኛ ያሏቸውን ዳኞች በስም ይጥቀሱ» የሚል ነው። ብልህ ወጥመድ ነበር። ስም ቢጠሩ በስም ማጥፋት ይከሰሳሉ፤ ባይጠሩ ሐሰተኛ ይባላሉ። ሮሜሮ በሜይ 14 ከመድረኩ መለሱ። በመጀመሪያ ደብዳቤው የጠቀሰው ቃል እሳቸው የተናገሩት ቃል አለመሆኑን አሳዩ። ቀጥለው ጉዳዩ የአንድና የሁለት ዳኛ ጉዳይ አይደለም አሉ። ጉዳዩ ሕገ መንግሥቱ ለፍርድ ቤቱ የሰጠው ሥራ አለመሠራቱ ነው። አካልን ነጻ ለማውጣት የቀረቡት አቤቱታዎች የት ደረሱ? የጠፉት ልጆች እናቶች መልስ የሚያገኙት ከማን ነው? የሠራተኛው የመደራጀት መብትስ? አንቀጽ በአንቀጽ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ ሊከሳቸው አልደፈረም። ቢከሳቸው ኖሮ ያ መዝገብ ማስረጃ ሆኖ ችሎት ይቀርብ ነበርና።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

በኦክቶበር 1979 ወጣት መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ፤ ተሐድሶ እናመጣለን ብለው ነበር፤ ግድያው ግን ባሰ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1980 ሮሜሮ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጽፈው ወታደራዊ እርዳታው ሕዝቡን ለማፈን ስለሚውል እንዲቆም ለመኑ። እርዳታው አልቆመም። በማርች መጀመሪያ ቅዳሴ ከመሩበት ቤተ ክርስቲያን መንበር አጠገብ ዳይናማይት የተሞላ ሻንጣ ተገኘ፤ ሳይፈነዳ ቀረ።

በማርች 23 ያን ቃል ተናገሩ። ብዙዎች ቃሉን ለአመፅ የተደረገ ጥሪ አድርገው ወሰዱት። እስቲ በሕግ ሚዛን እንመዝነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኑረምበርግ ችሎት «ታዝዤ ነው» የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም። በእኛም የወንጀል ሕግ ትእዛዝ ተቀባዩ የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ ከፈጸመ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሮሜሮ የተናገሩት ይህንኑ የታወቀ መርሕ ነው። ልዩነቱ፣ ኑረምበርግ ይህን የተናገረው ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ እሳቸው የተናገሩት ጣቱ ቃታ ላይ እያለ ነው።

በማግስቱ ማርች 24 ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሚኖሩበት የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ጸሎት ቤት ቅዳሴ ሲመሩ ከበሩ በኩል የተተኮሰች አንዲት ጥይት ገደለቻቸው። የ62 ዓመት ሰው ነበሩ። በማርች 30 በካቴድራሉ ፊት በተደረገው ቀብር ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ተኩስም ተከፈተ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ለቀስተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1992 ቆይቶ 75 ሺህ ያህል ሕይወት ቀጠፈ።

መዝገቡ የት ደረሰ?

ምርመራውን የያዘው ዳኛ ግድያው በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ድረስ መጥተው ሊገድሉት ሞከሩ፤ አገር ጥሎ ወጣ። በ1987 ገዳዩን ወደ ስፍራው ያደረሰው ሾፌር ቀርቦ መሰከረ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ የነበረው ሻምበል አልቫሮ ሳራቪያም አሜሪካ ውስጥ ተይዞ ነበር። በ1988 ግን የኤል ሳልቫዶር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምስክርነቱን ውድቅ አድርጎ ሰውየው ተላልፎ እንዳይሰጥ በሩን ዘጋ። ሮሜሮ ከአሥር ዓመት በፊት የጠየቁት ጥያቄ እንዲህ ተመለሰ።

በሰላም ስምምነቱ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በማርች 15 ቀን 1993 ሪፖርቱን አወጣ። ከ22 ሺህ በላይ አቤቱታዎች ደርሰውታል፤ ከነዚህ 85 በመቶ ያህሉ የሚወቅሱት የመንግሥት ኃይሎችን፣ ታጣቂ አጋሮቻቸውንና የገዳይ ቡድኖችን ነበር። የሊቀ ጳጳሱን ግድያ ያዘዘው የቀድሞ ሻለቃ ሮቤርቶ ዳቡዊሶን መሆኑን ኮሚሽኑ በስም አስታወቀ። ዳቡዊሶን ግን ከግድያው በኋላ ፓርቲ መሥርቶ፣ በ1982 የሕገ መንግሥት ጉባኤውን በፕሬዚዳንትነት መርቶ፣ በ1992 በሕመም ሞቷል። አገሪቱን ይመራ የነበረውም እሱ የመሠረተው ፓርቲ ነው። ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ምክር ቤቱ አጠቃላይ የምሕረት ሕግ አወጀ። ሕግ የወንጀለኛ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በራሱ አገር የተዘጋው በር በሌላ በኩል ተንኳኳ። ሳራቪያ ካሊፎርኒያ ይኖር ነበር። በሴፕቴምበር 2004 በፍሬዝኖ ከተማ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በሌለበት ተጠያቂ ነው ብሎ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነበት። ድርጊቱም በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ዳኛው በፍርዱ አረጋገጡ። ይህ የሆነው የውጭ አገር ዜጎች በዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ላይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲከሱ በሚፈቅድ፣ ከ1789 ጀምሮ በነበረ ሕግ ነው። እኛ ይህን ሕግ እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር በነበረ ሰው ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያት፣ ገርፎናል ብለው አትላንታ ላይ ከሰው በ1993 የረቱት በዚሁ ሕግ ነበር። የአገዳ ቆራጮቹ ጳጳስና የቀይ ሽብር ሰለባዎች በአንድ የሕግ አንቀጽ ሥር ተገናኙ።

በጁላይ 2016 የኤል ሳልቫዶር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕገ መንግሥት ችሎት የምሕረት ሕጉን ሻረው። በ2017 የሮሜሮ ጉዳይ እንደገና ተከፈተ፤ በ2018 በሳራቪያ ላይ የእስር ትእዛዝ ወጣ። እሱም አስቀድሞ በ2010 ኤል ፋሮ ለተባለው የአገሩ ጋዜጣ በሴራው መሳተፉን ተናግሮ ነበር። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ያ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ለሚጠይቅ ሰው፣ የኤል ሳልቫዶር 23 ዓመት መልስ ይሆነዋል።

ምን ተገኘ?

ተጠራጣሪ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ማን ተቀጣ? ልክ ነው፤ በሮሜሮ ግድያ በወንጀል ችሎት ተፈርዶበት እስር ቤት የገባ ሰው የለም። ያዘዘው በአልጋው ላይ ሞቷል። ይህን ሸፋፍኖ «ፍትሕ በመጨረሻ አሸነፈ» ማለት ሟቾቹን መበደል ነው።

ነገር ግን ሌላውንም እንቁጠር። በ2010 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሮሜሮ የተገደሉበትን ማርች 24ን ስለ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች እውነቱን የማወቅ መብት የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎ ሰየመው። «እውነቱን የማወቅ መብት» የሚለውን ሐረግ አስተውሉ። ያቺ ልጇ የጠፋባት እናት ሶኮሮ ሁሪዲኮ ደጃፍ ላይ ቆማ የጠየቀችው እሱን ነበር፤ ከሷ ጥያቄ ተነስቶ የመብት ስም አገኘ። ለዓመታት በጥርጣሬ ሲንገዋለል የቆየው የቅድስና ጉዳይም ተቋጭቶ በኦክቶበር 14 ቀን 2018 ፖፕ ፍራንሲስ ቅዱስ ብለው አወጁ።

ጳጳሱ ለዳኞች ያቀረቡት ጥያቄ ለማንኛውም አገር የሕግ ሰው የሚቀርብ ነው። አቤቱታ ሲመጣ ትመዘግባለህ? ወይስ ጉልበተኛው ማን እንደሆነ አይተህ መዝገቡን ትዘጋለህ? ዛሬ መፍረድ ባይቻል እንኳ ስም፣ ቀንና ቦታ በትክክል መጻፍ ይቻላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ ግን የሚጠራው የጻፈው ሰው ካለ ነው። ያልተጻፈ በደል ከምስክሮቹ ጋር ይቀበራል።

«በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆም እጅ አለ፤ የማይቆምም አለ። የሳን ሳልቫዶሩ እጅ አልቆመም። ነገር ግን ያን ዕለት ማን እንደጮኸና ማን እንዳልሰማ በመዝገብ ሰፍሮ ቀርቷል።